በወይዘሮ ሊቲያ ዘፈን ላይ የጻፍሁት አቤቱታ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5 ቀን 1989 ዓ.ም.

ደብዳቤው ሠራ። እዚህ በሰው አገር የምንኖርበት ሕንፃ አስተዳዳሪ ምድር ቤት ያለውን አዳራሽ ቆለፈው። ሦስት ሳምንት ሙሉ በየምሽቱ ከወለሌ ሥር ጭብጨባ ነበር፤ አሁን ጸጥ ብሏል። በእንግሊዝኛ የጻፍሁት አቤቱታ አንዲት ነጥብ እንኳ አልተዛነፈችበትም። ደክሞኛል። እተኛለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

የልጅ ልጄ ሶስና ከትምህርት ቤት እያለቀሰች መጣች። «አባባ፣ ሌተሩን አንተ ነህ የጻፍከው?»

«አንቱ በዪ» አልኋት።

«ሶሪ። አንቱ ነህ የጻፍከው?»

ለካ የሚያጨበጭቡት ከፊጂ ደሴቶች የመጡት ጎረቤቶቻችን ኖረዋል። ሶስናም «ላይብረሪ ነኝ» እያለች ከእነርሱ ጋር ትለማመድ ኖሯል! ወይዘሮ ሊቲያ የሚባሉ መበለት ለእኅታቸው ልጅ ሠርግ አዲስ ዘፈን ደርሰዋል፤ ግጥሙንም፣ ዜማውንም፣ የእጁን እንቅስቃሴም ራሳቸው። ሠርጉ ቅዳሜ ነው። የመጨረሻውን አንቀጽ ገና አላስተማሩም። ተበላሽቶ ከሚቀርብ ይቅር ብለዋል።

ልጅቱ ግጥሙን በእነርሱ ቋንቋ በቃሏ አወረደችልኝ። አማርኛ ሲሏት በእንግሊዝኛ የምትመልስ ልጅ! ልቆጣ ወይስ ልዘን? አቅምም የለኝ።

ኀሙስ፣ ጥቅምት 7

ለአስተዳዳሪው አዳራሹ ይከፈት የሚል ሁለተኛ ደብዳቤ ሰጠሁት። «እስከ ሰኞ አይከፈትም» አለ።

ለወይዘሮ ሊቲያ የይቅርታ ደብዳቤ ይዤ አራተኛ ፎቅ በደረጃ ወጣሁ፤ ሊፍቱ ተበላሽቷል። በሩ ላይ ቆሜ ማንበብ ስጀምር ሶስና ኮቴን ጎተተችኝ።

«አባባ፣ ኖ! እነሱ ጋ ቆሞ ይቅርታ የለም። ደግሞ በባዶ እጅ!»

ስንቱን ተማሪ አርሜ እኔ ታረምሁ። ወርጄ ያልተነካውን ጋቢዬን አመጣሁ። ምንጣፉ ላይ ስቀመጥ ጉልበቴ ተንቋቋ። ጋቢውን ፊታቸው አኖርሁና «አጥፍቻለሁ» አልሁ፤ ሌላው ሁሉ ኪሴ ውስጥ ቀረ። ወይዘሮ ሊቲያ ጋቢውን ነክተው መዳፋቸውን አጎድጉደው ቀስ ብለው አጨበጨቡ። መቀበላቸው ነው አለች ሶስና። ቀጥለው ሳሎኔ ስንት ሰው እንደሚይዝ ጠየቁኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ዐሥራ አንድ ሰው ወለሌ ላይ ተደርድሮ ተቀምጦ አመሸ። ጭፈራው ከወገብ በላይ ነው፤ እጅ መቅዘፊያ ይሆናል፣ ማዕበል ይሆናል። ወይዘሮ ሊቲያ ከእኔ የባሱ ናቸው፦ አንድ ሰው አንዲት ቃል ከሳተ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራል። አራት ጊዜ ተመለሱ። ሶስና አንዴም አልሳተችም።

የመጨረሻው አንቀጽ ግን አሁንም ይንገዳገዳል። ነገ ይቀርባል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ጠዋት በአንድ ሰዓት ለልምምድ እንመጣለን» አሉ።

ጥግ የከመርኋቸውን ወንበሮች ወደ ቦታቸው አልመለስኋቸውም።