እስከ አፉ ሙዪልኝ

የካቲት 3፣ ሰኞ

ሙቀት። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሰፈራችን ሲቀላ እንዲህ ከሆነች ከሰዓት ምን ልትሆን ነው? የማደያው ወረፋ እስከ አስፋልቱ መታጠፊያ ደርሷል። ባጃጅ፣ ሞተር ሳይክል፣ ባጃጅ፣ ደግሞ ባጃጅ...

ባለባጃጁ ኢሳያስ የተለመደውን ጀመረ። መቅዳት ስጀምር ባጃጁን ግራና ቀኝ ይወዘውዛል። "ሲነቃነቅ ቦታ ይለቃል፣ ጸዲ!" ጆንያ የሚሞላ መስሎታል። ቤንዚን ጤፍ አይደለም አልኩት። ሳቀ። ይስቃል እንጂ አይተውም።

ደግሞ አንዲት ሴትዮ ስልኳ ጠራ። ሰው ሁሉ ጮኸባት። "ልታፈነጂን ነው እንዴ!" ከሁሉ በላይ የጮኸው ሰውዬ የራሱን ሞተር አላጠፋም፤ ከሥሩ ይንደቀደቃል። በስልክ ጥሪ ማደያ ተቃጠለ የሚባለውን ወሬ ብዙ ሰምቻለሁ፣ የተረጋገጠ ግን አላየሁም። ማስታወቂያው አጥፉ ስለሚል አስጠፋለሁ። ሰውም ልቡ እዚህ ይሆናል። የሚያስፈራው ግን ያ የማይታየው ትነት ነው... ለማን ይነገራል?

አራት ዓመት ኬሚስትሪ ተምሬ ውሎዬ ይሄ ጭቅጭቅ ሆነ። ደስ ይለኛል ግን። እውነቴን ነው።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

አባባ ከእርሻው፣ ከጫኖ መጣ። ሙዙ ውሃ ጠምቶታል፣ የመስኖው ሞተር ደርቋል። በጄሪካን እንዲቀዳ የሚፈቅደውን የቀበሌ ደብዳቤ በፌስታል ጠቅልሎ፣ ሃያ ሊትሯን ጄሪካን በኢሳያስ ባጃጅ አስጭኖ።

መጀመሪያ ስልኩን አውጥቶ፣ አሥር እርምጃ ራቅ ብሎ ለቆመ ሰው በአደራ ሰጠ። እንዲህ ነው ጥንቃቄ! ከዚያ ጄሪካኑን ባጃጁ ውስጥ፣ የማዳበሪያ ከረጢት ላይ እንዳለ "ቅጂ" አለኝ።

"መሬት ይውረድ፣ አባባ።"

"ምን በወጣው? ሲሞላ ማን ያነሳዋል?"

"ላስቲክ ላይ ሆኖ ሲቀዳ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ብልጭ ካለ አለቀልን።"

"ኤሌክትሪክ? ጫኖ ስንት ቀን መብራት ጠፍቶ፣ ለካ ማዳበሪያ ውስጥ ተደብቆ ነው!"

ወረፋው በሳቅ ሞተ። እኔም ሳቅሁ። ግን አወረድነው።

ከዚያ "እስከ አፉ ሙዪልኝ" አለ። "ነገ ይኑር አይኑር ማን ያውቃል?"

ቤንዚን ሲሞቅ ይነፋል። ሦስት ጣት ያህል ክፍት ቦታ መተው አለበት። ለሌላው ሰው ሁሉ እተዋለሁ። ግን አባቴ ነው... ላቡ በግንባሩ ይወርዳል፣ ወገቡን ይዞ ቆሟል። ጠብ እስኪል ሞላሁለት። ክዳኑ ስለላላ ፌስታል ቀዶ አስገባበትና አጠበቀው።

"ተባረኪ ልጄ" ብሎኝ ሄደ። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋለ።

የካቲት 7፣ ዓርብ

ሦስት ጣት። ሦስት ጣት መተው ምን ያቅተኝ ነበር?

የካቲት 9፣ እሑድ



ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ጫኖ ሄድኩ። እማዬ ዓሣ እየጠበሰች ነው። አባባስ? "ሙዙን ሊያበስል ጓዳ ነው" አለች። ለነገ ገበያ የቆረጠውን ሙዝ ማለቷ ነው። በዚያች ጠባብ ክፍል ይከምረዋል፣ ውስጥ የላምባ ምድጃ ይለኩሳል፣ በሩን ዘግቶ በጭስና በሙቀት ያበስለዋል። ከድሮም የሱ ሥራ ነው፤ ሰው አያስነካም።

በጓሮ ዞርኩ። ሽታው ቀድሞ አገኘኝ። ቤንዚን! አባባ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ምድጃውን አስቀምጧል። ክብሪቷ በእጁ ናት።

"አባባ! እንዳትጭር!"

አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም። ደንግጦ ቀና አለ።

ጄሪካኑ እዚያው ውስጥ፣ ጥግ ላይ። ሆዱ ተነፍቷል፣ ቤንዚኑ በክዳኑ ዙሪያ ወርዶ መሬቱን አርሶታል። ሌላ ጊዜ ውጭ ጥላ ሥር ነው የሚያስቀምጠው። ዛሬ ለምን?

"የውሃ ተራዬ ነገ ነው፣ ገና አልነካሁትም። ሙሉ ስለሆነ ፀሐይ ያፈነዳዋል ብዬ... ቀዝቃዛው ቦታ ይሄ ነው።"

"እሳት ልትለኩስበት?"

"ምድጃው በዚህ ጥግ፣ ቤንዚኑ በዚያ ጥግ። ምን አገናኛቸው?"

"ትነቱ መሬት ለመሬት ይሄዳል፣ አባባ። አይታይም። እሳቱ ጋ በራሱ ይደርሳል።"

ክብሪቷን አያት። ከዚያ ኪሱ ከተታት። "ጸልዬበት ነበር" አለ።

እማዬ ጩኸቴን ሰምታ መጥታ ኖሮ ከኋላችን ቆማለች። "ታዲያ ጌታ ማንን የላከ መሰለህ፣ ዳልጮ?" አለች አባባን በስሙ ጠርታ።

በሩን ወለል አድርገን ከፈትን። ምድጃውን አራቅን፣ ጄሪካኑን ከቤት ርቆ ማንጎው ሥር አቆምነው። ያኔ ነው እንባዬ የመጣው።

"የኔ ጥፋት ነው። ቦታ መተው እንዳለብኝ እያወቅሁ ሞላሁት።"

"ሙዪ ያልኩሽ እኔ ነኝ" አለ። ምሳ ላይ የዓሣውን ወፍራም ቁራጭ ወደ እኔ ገፋው።

በሕይወት አለ። ሌላ ምን እፈልጋለሁ? ሙዙ ለነገ አልደረሰም። አይድረስ!

የካቲት 10፣ ሰኞ

ለአለቃዬ ለጋሽ ክብሩ ሁሉንም ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና "አዝነሽለት ልትገድይው ነበር" አለ። እውነቱን ነው። "ከእንግዲህ ለማንም እስከ አፉ የለም። ለእኔም ቢሆን" ሲል ጨመረ።

ከወረፋው ጋር ስጣላ ዋልኩ። አንዱ "ከደሃ ጄሪካን ትሰስቺያለሽ?" አለኝ። የምትከፍለው የቀዳሁልህን ብቻ ነው፣ ቀሪውን በሌላ ዕቃ ውሰድ አልኩት። ሲያጉረመርም ሄደ። ያጉረምርም።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

እማዬ ደወለች። አባባ ማንጎው አጠገብ ለጄሪካኑ ትንሽ ዳስ ሠራለት። "ለእኔ ኩሽና እንዲህ አልተጨነቀም" ትላለች። ቅናት ነው? ሳቅን።

የካቲት 26፣ ረቡዕ

ዛሬም ወረፋ፣ ዛሬም ሙቀት። ኢሳያስ ይወዘውዛል። እሱ አይድንም።

አባባ መጣ። ስልኩን አሥር እርምጃ ወስዶ በአደራ ሰጠ... ይቺን ልማዱን አልለቀቀም፤ እኔም ተውኩለት። ጄሪካኑን ግን ማንም ሳይነግረው ራሱ አውርዶ መሬት ላይ አስቀመጠ። አዲስ ክዳን ገዝቶለታል። በጎኑ ላይ፣ ከአፉ ዝቅ ብሎ፣ በቢላ የጫረው መስመር አለ። ሦስት ጣቱን አጋድሞ ለካልኝ።

"ከዚህ በላይ ጠብታ እንዳትጨምሪ።"

መስመሩ ላይ አቆምኩ። ክዳኑን አጥብቆ፣ ገልብጦ አይቶ፣ ራሱን ነቀነቀ።

ከኋላው ያለው ገበሬ ጄሪካኑን አቀረበ። "እህቴ፣ ከሩቅ ነው የመጣሁት። እስከ አፉ ሙዪልኝ፣ በእግዚአብሔር።"

አፌን ከመክፈቴ በፊት አባባ ዞረ።

"ወንድሜ፣ አትልፋ። ይቺ ልጄ ናት። ለእኔም አትሞላም።"

አንድ ጊዜ ሞልቼለት ነበር። ሁለታችንም እናውቃለን። ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ፣ እኔም የሰውዬውን ጄሪካን መሬት ላይ አስቀምጬ መቅዳት ጀመርኩ።