መርከቡ እስኪነሳ

ማክሰኞ፣ ጁን 9። ጠዋት 6፡10

ሻይ ጥጄ ቆሜያለሁ። እትዬ የሺ ፎቅ ላይ ናት፣ አልተነሳችም። እግሬ አላርፍ ብሎኛል። ከፍሪጁ ወደ ምድጃው፣ ከምድጃው ወደ መስኮቱ። ፊቴን ሦስቴ ታጠብኩ፣ ዓይኔ አሁንም እንዳበጠ ነው። አለርጂ ነው እላታለሁ። እዚህ አገር ለሁሉም ነገር አለርጂ ነው ማለት ይቻላል።

ደብተሬ፣ ለአንተ ብቻ ልናገር። ትናንት አረጋውያን በምንከባከብበት ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሺፍት ላይ እያለሁ ከአዲስ አበባ ተደወለ። ወንድማችን አረፈ። እሑድ ሌሊት፣ በተኛበት። ስሙን ልጽፍ ስል እጄ እምቢ አለኝ። ጌ. ብዬ ልለፈው። እትዬ ከአዲስ አበባ ከመጣች ገና ሳምንት አልሞላትም። ቦሌ ድረስ የሸኛት እሱ ነው፣ ባሕሩን እይልኝ ብሎ።

ማታ ባሌ ደረጀ ፓስተራችንንና ሁለት ሽማግሌዎችን አማከረ። እትዬ ደም ግፊት አለባት። እሑድ ወደ ፍሎሪዳ እንበራለን፣ ሰኞ መርከብ እንሳፈራለን፣ አምስት ቀን ባሕር ላይ። ልጄ ሩት ለአክስቷና ለእኔ ያዘጋጀችው ነው። ስለዚህ ምን ተባለ? እስክንመለስ ዝም። ስንመለስ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ በወጉ መርዶው ይነገራታል። እኔም እሺ አልኩ። ማንም እጄን አልጠመዘዘኝም፣ እሺ ያልኩት እኔው ነኝ።

እናታችን ስትሞት እትዬ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። እኔንና ጌ.ን ያሳደገችን እሷ ናት። እናት ልጇ ተቀብሮ ሳታውቅ...

ወረደች። ደብተሩን ዳቦ ማስቀመጫው ውስጥ ከተትኩ።

እዚያው ቀን፣ ከሰዓት 4፡30

ቡፎርድ ሃይዌይ፣ የየአገሩ ምግብ ቤት ያለበት ጎዳና፣ ውለን ገባን። እትዬ ሐበሻ ምግብ ቤት እንሂድ አለች። የት ልውሰዳት! በየበሩ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው አለ፣ አንዱ አፉ ቢያመልጠውስ? ክትፎ አዲስ አበባም አለ፣ እዚህ የመጣሽው ዓለም ልታይ ነው አልኳት። ቬትናሞች ቤት ገባን። ሾርባው ገንዳ በሚያህል ሳህን ቀረበ፣ ከጎኑ ቅጠል ተከምሯል። ቅጠሉን አሸተተች፣ አሸተተችና ይሄ እኮ በሶብላ ነው ብላ ጮኸች። አስተናጋጇ ሳትቀር ሳቀች። ሾርባ ውስጥ ጥሬ በሶብላ! ሙሉውን ጠጣችው።

ከዚያ ፎቶ አንሺኝና ለጌ. ላኪለት፣ ለሔኖክና ለትዕግሥትም አለች። ሁለቱ ልጆቿ ናቸው፣ አዲስ አበባ ያሉት። ኢንተርኔት ተበላሽቷል አልኳት። አልተበላሸም። ደረጀ ነው የዋይፋዩን ቁጥር የቀየረው። ስልኳ ደግሞ እዚህ አገር ያለ ዋይፋይ አይሠራም። ሌባ ሆነናል በገዛ ቤታችን።

ስንወጣ ከሩቅ ነጠላ የለበሱ ሴቶች አየሁ። እትዬን ክንዷን ይዤ መንገድ አሻገርኳት፣ የሜክሲኮዎች ዳቦ ቤት ውስጥ ዶልኳት። ሮዝ ዳቦ ገዛን። አንዳችንም አልራበንም።

ረቡዕ፣ ጁን 10። ምሽት 7 ሰዓት

ዛሬ ባቡር። መኪናዬን ጣቢያው ፓርክ አድርጌ መሀል ከተማ ድረስ ወረድን። ከመሬት በላይ ይሮጣል፣ ድንገት ጉድጓድ ይገባል፣ እትዬ በገባ ቁጥር እጄን ትጨብጣለች። ሰው ጭኖ የሚዞረው ትልቁ መንኮራኩር ላይ ወጣን፣ ከላይ ከተማውን አየን። ዛፍ ብቻ ነው ለካ፣ ሕንፃው እንግዳ ይመስላል። ዋጋው... ተይው።

ከላይ ሆነን ሰዓቷን አየች። የእጅ ሰዓቷን በአገር ቤት አቆጣጠር ነው የተወችው፣ ይገርማል፣ ቀንና ማታችን ቢለያይም ቆጣሪው ከእኛው የሚቀድመው በአንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ የእኛ ሰባት ሲል የእሷ ስምንት ይላል። አሁን ጌ. ከሥራ ገብቶ እግሩን ዘርግቷል፣ ትዕግሥት ራት እየሠራች ነው፣ ሔኖክ አልገባም፣ እሱ መቼ በጊዜ ገብቶ ያውቃል አለች። እኔ ወደ ታች አየሁ። ከፍታ ትፈሪያለሽ እንዴ አለችኝ። አዎ አልኳት።

ሩት ቢሮዋ እዚያው ቅርብ ነው፣ ለምሳ ወጥታ አገኘችን። እትዬ እጇን ልትታጠብ ስትገባ ጠብቃ ለቀቀችብኝ። ላይክ፣ ማሚ፣ ሺ ሃዝ ኤ ራይት፣ ማወቅ መብቷ ነው፣ ወንድሟ እኮ ነው፣ ላይክ፣ እንዴት ሳትነግሪያት ታዞሪያታለሽ እያለች። የእኛን ወግ አታውቂም፣ መርዶ በምሳ እረፍት አይነገርም ብዬ አፏን አስያዝኳት። ልጄ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። አንቺስ፣ አንቺ መቼ ነው የምታለቅሺው አለችኝ።

ምን ዓይነት ጥያቄ ነው! ሻወር ውስጥ ነዋ። ውሃ ከፍቼ።

ሐሙስ፣ ጁን 11። ምሽት 6፡20

ጉድ ሆንኩ። ጉድ ልሆን ነበር። አላውቅም።

ጠዋት በደህና ነው የጀመርነው። እትዬ ጌ.ን በምን እንደውልለት፣ ካርድ ግዢልኝ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ብላ ስትነዘንዘኝ ነበር። ነገ ነገ አልኳት። አኳሪየም ልወስዳት ወጣን። ትራፊኩ አይጣል ነው፣ ኤግዚቱ አመለጠኝ፣ ዞሬ ተመለስኩ። ፓርኪንግ ስገባ ትኬት የሚቆርጠው ሰውዬ ሐበሻ። ፀጉሩ ሽብት ያለ፣ ጨዋ፣ ኖርክሮስ ሰፈር ያለው ቤተ ክርስቲያናችን የሚመጣ። መስኮቱን ዝቅ ሳደርግ አወቀኝ። ኮፍያውን አወለቀ፣ ጎንበስ አለ፣ ሁለታችንንም እያየ፦

"እግዚአብሔር ያጽናችሁ።"

ከኋላዬ ያለው መኪና ጥሩምባውን ያጮሃል። ሰውዬው ፊቴን አይቶ ገባው መሰለኝ፣ ደንግጦ ትኬቱን ሰጠኝና ዘወር አለ። እኔም ውሸቱ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ ከቤተ ክርስቲያን አንዲት እናት አርፈው ነው፣ እኔ እንደ ልጅ ነበርኩላቸው አልኳት። እትዬ ሰውዬውን አየች፣ እኔን አየች። ነጠላዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችና፦

"አንቺንም ያጽናሽ፣ ሰብልዬ" አለችኝ።

ውስጥ ገብተን ትልቁ መስታወት ፊት ተቀመጠች። ቤት የሚያህል ዓሣ ሲመጣ ሲሄድ አንድ ሰዓት ሙሉ አየች። ሰው ፎቶ ይነሳል፣ ሕፃናት ይጮኻሉ፣ እሷ ንቅንቅ የለም። አንድ ጊዜ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ኤሲው ነው አለች። አዎ፣ እዚህ አገር ኤሲ ይበዛል አልኳት። ትኩስ ነገር እንብላ ብዬ ኮሪያዎች ምግብ ቤት ወሰድኳት፣ ሥጋውን ራሷ ጠበሰች፣ ለእኔ ብቻ እያነሳች። አልጠረጠረችም። ይመስለኛል። ጌታ ይመስገን፣ ስለ ስልኩም ማታ አላነሳችብኝም።

ዓርብ፣ ጁን 12። ከሰዓት 5 ሰዓት

ሞል ውለን መጣን። መርከቡ ላይ አንድ ምሽት ሁሉም ዘንጦ ራት የሚበላበት አለ፣ ቀሚስ ግዙ ብላ ሩት ዝርዝር ጽፋልናለች። ሰማያዊ አሳየኋት፣ አበባ ያለው አሳየኋት፣ ወርቃማ ሳይቀር አለበስኳት፣ እንደ ሙሽራ አማረባት። አወለቀችው። መጨረሻ ላይ ከጥግ አንድ ጥቁር አወጣች፣ እጅጌው ረጅም፣ አንገቱ ዝግ። ይሄ ይበቃኛል አለች።

እኔ ደነዝ ምን አልኩ? ኧረ እትዬ፣ ለቅሶ ቤት የምትሄጂ አስመሰልሽው!

ምላሴን ነከስኩት፣ የምሬን ነው፣ ደም ደም አለኝ። እሷ ግን ቀሚሱን አጣጥፋ ክንዷ ላይ አደረገች። ጥቁር ለሁሉም ይሆናል አለችና ወደ ገንዘብ ተቀባይዋ ሄደች።

ከዚያ በኋላ መቀመጥ አልቻልኩም። ሦስት ሱቅ፣ አይስክሬም፣ ሌላ ሱቅ፣ የፀሐይ ኮፍያ። ስትቆም ታስባለች ብዬ እፈራለሁ። እሷም ወደምጎትታት ሁሉ ትከተለኛለች፣ ደከመኝ አትል፣ እንመለስ አትል። በፊት እኮ እግሬ እግሬ ትል ነበር።

ቅዳሜ፣ ጁን 13። ምሽት 6፡45

ስቶን ማውንቴን። በገመድ ተንጠልጥሎ በሚወጣው መኪና ወጣን። ራሰ በራ ድንጋይ ነው፣ ነፋስ አለው፣ እግር ያቃጥላል። እትዬ ጫፉ አጠገብ ቁጭ ብላ ሩቅ አየች። ሳንድዊች ሰጠኋት፣ ግማሹን ለወፎች በተነች። በእኔ ቀልድ ሁሉ ሳቀች። ቀልዴ ያን ያህል አያስቅም።

ቤት ስንገባ ነይ፣ ሹሩባ ልሥራሽ አለችኝ። የባሕር ነፋስ ፀጉርሽን እንዳያበላሸው። አርባ ሰባት ዓመቴ ነው! እንደ ልጅነቴ ጉልበቷ መሀል ተቀመጥኩ። ጣቷ እንደ ድሮው ነው፣ ያማል፣ ደስ ይላል። ፊቴን ስለማታይ እንባዬን ለቀቅኩት። መሀል ላይ እጇ ቆመ። አንድ ደቂቃ ያህል። ልነግራት ነበር፣ ጌታ ያውቃል። ደረጀ ገባ። እትዬ፣ ሻንጣዎን ላውርድልዎት ወይ አላት። እጇ እንደገና ሥራውን ቀጠለ። ተባረክ፣ ነገ አለችው።

እሷም ስትሠራኝ ምንም አላወራችም። ሁልጊዜ እኮ ታወራ ነበር።

እሑድ፣ ጁን 14። ማለዳ 5፡05

ደረጀ ተኝቷል። ሻንጣዎቹ በር ላይ ቆመዋል። ከሰዓት 1፡40 በረራ አለን። እንቅልፍ የለም። አንተን ከማክሰኞ ጀምሮ አነበብኩህ፣ ደብተሬ።

ማክሰኞ ለጌ.፣ ለሔኖክና ለትዕግሥት ፎቶ ላኪ ትላለች። ረቡዕ ጌ. እግሩን ዘርግቷል፣ ትዕግሥት ራት ትሠራለች፣ ሔኖክ አምሽቷል። ሐሙስ ጠዋት ካርድ ግዢልኝ። ከዚያ ፓርኪንግ። ከዚያ ወዲያ አገላበጥኩ፣ ደግሜ አገላበጥኩ፣ አንድ ስም የለም። የጌ. ስም የለም። የልጆቿም ስም የለም። እትዬ የሺ! ሔኖክ በላ ወይ ሳትል አንድ ቀን የማትውል ሴት!

ወይኔ። ወይኔ ሰብለ።

ሰው እንደሞተባት ታውቃለች። ማን እንደሆነ ግን አታውቅም። ወጉን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች፣ እስኪነገራት አትጠይቅም፣ ታዲያ ዝም ብላ ትጠብቃለች። ከሐሙስ ጀምሮ አንዱን ልጅ ስትቀብር፣ እሱን ስታነሳ ሌላዋን ስትቀብር ነው የከረመችው። እኔ ደግሞ ከሱቅ ሱቅ! እኔ ደግሞ አይስክሬም! ለደም ግፊቷ ሰግተን ሦስት ሬሳ አሸከምናት።

ፓስተሩን አልጠብቅም። ሽማግሌዎቹን አልጠብቅም። ደረጀ ይቆጣ። መርከቡ ይሂድ። ፎቅ መብራቷ በርቷል፣ በበሩ ሥር ይታያል። ልወጣ ነው።

ጠዋት 8፡15

በረንዳው በለቀስተኛ ጫማ ተሞልቷል። አንድ ደቂቃ ሰረቅኩ።

በሩን ሳላንኳኳ ግቢ አለችኝ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጥቁሩን ቀሚስ ለብሳለች፣ የዋጋ ወረቀቱ ከብብቷ ሥር ተንጠልጥሏል። እጆቿ ጉልበቷ ላይ። ምንም አላስጨረሰችኝም።

"ማንኛቸው ነው?" አለችኝ።

ጌታቸው አልኳት። ሙሉ ስሙን።

መጀመሪያ ተነፈሰች። ሰማኋት፣ ረጅም ትንፋሽ ነበር፣ ልጆቿ እንዳሉ የገባት ጊዜ። ከዚያ በዚያችው ትንፋሽ አፍራ ይሁን እንጃ፣ አፏን በሁለት እጇ ያዘች፣ ወንድሜን፣ ወንድሜን ብላ ጮኸች። እኔም ጮህኩ። ደረጀ በባዶ እግሩ ሮጦ መጣ። ስድስት ቀን የያዝኩት ወጣ፣ ውሃ ሳልከፍት።

ሩት መጥታ ፍራሽ ሳሎን አነጠፈች፣ ማንም ሳያዛት። የመርከቡን ካንስል አድርጊ አልኳት። አድርጌዋለሁ አለች። ለሔኖክና ለትዕግሥት ደወለችላቸው፣ እትዬ ድምፃቸውን ሰማች፣ ደጋግማ ስማቸውን ብቻ ጠራች።

ፎቅ ላይ ስንላቀስ እንዲህ አለችኝ፦ ለምን ብቻሽን ተሸከምሽው? ቆጣ ብላ ነው፣ እንደ ድሮው። ይኸው እየጠራችኝ ነው፣ ሰብልዬ ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪ እያለች፣ ልሂድ፣ ከጎኗ ልቀመጥ።