ካርቶኑ ላይ የተጻፈው

ውድ እናቴ ሆይ፣

እንዴት ከርመሻል? ሳልሽ ተወሽ? ብርዱ ሳይጠናብሽ ምድጃውን አስጠረግሽው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ማለቴ ግን ደብዳቤ በዚህ ስለሚጀመር ነው። በዚህ ሳምንት ሦስት ጊዜ ደውዬልሽ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዶሮዎችሽ ጠይቄሽ ዘጋሁት። በአፌ አልወጣ ስላለኝ ልጻፈው።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ሕመምተኞች ስለሚወስዱት መድኃኒት ምን እንደሚያምኑ የሚጠይቅ የእንግሊዝኛ መጠይቅ አለ፤ እሱን ወደ ፖርቱጋልኛ እየመለስን ነው። አንዱ ይተረጉማል፣ ሌላው መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ያዞረዋል፣ ከዚያ ጠረጴዛ ከበን በአንዲት ቃል እንጣላለን። ወይን በሚለቀምበት ሰሞን «መድኃኒቴን እንደታዘዘልኝ ከወሰድኩ አይጎዳኝም» በምትል ዓረፍተ ነገር ሁለት ሳምንት ተጨቃጨቅን። የቡድናችን መሪ ግራሲንዳ መረራትና፣ «በቃ! እዚህ ፖርቶ ተቀምጠን የምንስማማበት ምን ይረባል? ሄዳችሁ ለሽማግሌዎቹ አንብቡላቸውና ምን እንደገባቸው ስሙ» አለችን። የተራራው አገር ለእኔ ደረሰኝ፤ «የአገርሽ ሰዎች ናቸው» ተብዬ።

የተጠያቂ ስም ለማንም ላልናገር ፈርሜያለሁ። ለአንቺ ግን እናገራለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ከወንዙ ማዶ ባለችው መንደር ዘጠነኛዋ ተጠያቂዬ ዶና ኤርሜሊንዳ ነበሩ።

በሩን እንደከፈቱ ፊቴን ትኩር ብለው አዩና፣ «የፋርማሲዋ ልጅ አይደለሽም? አፍንጫሽ ይናገራል!» ብለው ሳቁ። እሳት ዳር አስቀምጠው የጎመን ሾርባ ቀዱልኝ። «ብዪ እንጂ! ፖርቶ ምግብ አልቋል እንዴ? አጥንትሽ ብቻ ቀረ እኮ።» የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች እየተሳሳቅን አለፍናቸው። «መድኃኒት ሲባል ምን ይመጣብዎታል?» ስላቸው፣ «የቱ? የእኔው ነው ወይስ ወይኑ ላይ የምንረጨው?» አሉኝ። ይህን ማናችንም አላሰብነውም ነበር፤ ደስ ብሎኝ ጻፍኩት።

ከዚያ ያቺ ዓረፍተ ነገር ላይ ደረስን። አነበብኩላቸው። «ድገሚልኝ» አሉኝ፤ ደገምኩ። ማንኪያቸውን አስቀመጡና፣ «ይሄንን የጻፈው ማን ነው?» አሉ፤ ድምፃቸው ሌላ ሆኖ።

ተነሥተው አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አመጡ። ውስጡ የሟች ባላቸው የአልባኖ መታወቂያና አንድ የክኒን ካርቶን አለ። የደም ማቅጠኛ ነው፤ አልባኖ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ከሆስፒታል ሲወጣ ከእኛ ፋርማሲ የገዛው፤ አወሳሰዱ ላዩ ላይ በብዕር ተጽፏል።

«እሱም እኔም ፊደል አልቆጠርንም» አሉኝ። «ቁጥር ግን እናውቃለን። አንድ፣ ከዚያ ሰረዝ፣ ከዚያ ሁለት። ጠዋት አንድ፣ ማታ ሁለት። በገዛ እጄ ነው የማቀርብለት፤ አንድም ቀን አላጎደልኩበትም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን በአፍንጫው በአፉ ደም ወረደው። እንደታዘዘው ነው የሰጠሁት፣ አይደለም ልጄ? እስቲ አንብቢልኝ።»

እማዬ፣ ጽሑፉን አየሁት። 1/2 ይላል። አንገቷ ወደ ግራ የተጣመመችውን ያቺን ሁለት ቁጥር የት እንደማውቃት ላንቺ መንገር አያስፈልገኝም። አንቺ በጻፍሽባቸው የሁለተኛ ክፍል ደብተሮቼ ሽፋን ሁሉ ላይ አለች። ወዲያው ደግሞ ከዚያ በኋላ ፋርማሲው ውስጥ ልረዳሽ የመጣሁበት በጋ ትዝ አለኝ። እኔ 1/2 ብዬ ስጽፍ ብዕሩን ከእጄ ነጥቀሽ፣ «ግማሽ በይ! በፊደል ጻፊው!» ብለሽ ሰው ፊት ጮኽሽብኝ። የሥራ ብዛት ነው ብዬ አለፍኩት።

«ደብዝዟል፣ አይነበብም» አልኳቸው።

«እሺ» አሉ።

ወሬ ለመቀየር ስለ ራሳቸው የደም ግፊት መድኃኒት ጠየቅኋቸው። መሳቢያውን ሳቡልኝ። እስከ አፉ ድረስ ያልተከፈተ እሽግ ሞልቶታል። «ሐኪሙ እንዳይቆጣኝ እገዛዋለሁ፤ አልውጠውም። እጄን አላምነውም» አሉ። መለኪያዬን አውጥቼ ግፊታቸውን ለካሁ። ቁጥሩ የሚያስፈራ ነበር። ክኒኑን እንዲውጡ ለመንኳቸው። እዚያው ሆኜ ለጤና ጣቢያው ነርስ ደወልኩ። «ነርሷ ትምጣ፣ ሾርባ አለ፤ ክኒን ግን አይሆንም» አሉኝ።

አሁን የሠራሁትን ልናዘዝልሽ። እንጨት ሊጨምሩ ዞር ሲሉ ካርቶኑን ከወረቀቶቼ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ስለ አንቺ ብዬ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። የግቢው በር ላይ ስደርስ ከኋላዬ ተጣሩ። «ልጄ፣ የአልባኖን ካርቶን ይዘሽብኝ ሄድሽ።»

አልተቆጡም። ፊቴ እሳት ሆኖ መለስኩላቸው። በሽርጣቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉትና፣ «እናትሽም ከቀብሩ ማግስት መጥታ 'ስጪኝ፣ እኔ ልጣልልሽ' ብላኝ ነበር። እምቢ አልኳት። ከዚያ ወዲህ በደጄ አልፋ አታውቅም» አሉኝ።

ድልድዩ ጋ መኪናዬን አቁሜ አለቀስኩ። ለሳቸው ይሁን ለአንቺ አላውቅም።

ለግራሲንዳ፣ «ይቺ ዓረፍተ ነገር ትቀየር፤ መድኃኒት የታዘዘለት ሁሉ ትእዛዙ በትክክል ገብቶታል ብላ ትነሣለች» ብዬ ጻፍኩላት። «ጥሩ አስተውለሻል» አለችኝ። ሌላውን አልነገርኳትም።

ነርሷ ትናንት ሄዳ ነበር። አልዋጡም።

ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። ልወቅስሽ አይደለም። ስትወጪና ስትገቢ ይህን ሁሉ ዓመት ብቻሽን ይዘሽው እንደኖርሽ አሁን ገብቶኛል። ሴትዮዋ ክስም ካሳም አልጠየቁም። የሚፈልጉት የሚያነብላቸው ሰው ነው፤ እኔ ሳነብላቸው ግን የሰው ጽሑፍ ነው የማነበው፤ የጻፍሽው አንቺ ሄደሽ ልታነቢላቸው ይገባል። መነጽርሽን አዘጋጂ፣ ወፍራሙን ካፖርትሽን ልበሺ። መኪናው ውስጥ ምንም መናገር አይጠበቅብሽም።

እመቤታችን ልብሽን ታጽናልሽ። እሳቸውንም እስከ ቅዳሜ ታቆይልን።

የምትወድሽ
ልጅሽ