የተሸላሚው አባት በሕይወት አሉ

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። ከዚህ ከሄዱ ዛሬ ሃያ ሦስተኛ ቀንዎ ነው። እንዴት ሰነበቱ? የተሠራው ዓይንዎ እንዴት ይዞዎታል? ማቃጠሉ ተወዎት? ጠብታውን ጠዋትና ማታ እየጨመረችልዎት እንደሆነ እህቴን ራህማን ጠይቄያት አዎ ብላኛለች፤ እሷ ግን እኔ እንዳልጨነቅ የማትለው ነገር የለም። ሱቁስ እንዴት ነው? ዝናቡ ገባላችሁ? እኔም አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነኝ። ሰውነቴ ማለቴ ነው።

ስልክ እያለ ለምን ደብዳቤ እንደምጽፍ ይገርምዎት ይሆናል። በስልክ እርስዎ "ሥራ ደህና ነው?" ይሉኛል፣ እኔ "ደህና ነው" እላለሁ፣ በዚያው ያልቃል። ከሃያ ዓመት በላይ እንዲህ ነው የተነጋገርነው። ይህን የምታነብልዎ ራህማ ናት። ራህማ፣ የጻፍኩትን እንዳለ አንብቢላቸው። ለእኔ አዝነሽ አንድ መስመር እንዳትዘልዪ።

አባባ፣ እኔ ኢንጂነር አይደለሁም። ሆኜም አላውቅም።

ዩኒቨርሲቲ ልገባ ስል አንደኛ አድርጌ የሞላሁት እርስዎ የሚመኙልኝን ምህንድስና ነበር። ውጤቴ አልደረሰም። ምደባው ግቢ ውስጥ ሲለጠፍ ስሜን ፈልጌ ፈልጌ ያገኘሁት "የቤት ሳይንስ" ከሚለው ሥር ነው። ዛሬ ስሙ ተቀይሮ የቤተሰብና የሸማቾች ሳይንስ ይባላል። ስለ ምግብ፣ ስለ ልብስ፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ሸማች ገበያ ላይ እንዳይታለል ስለሚጠበቅበት መንገድ የሚያስተምር ትምህርት ነው። ያኔ ግን የግቢው ልጆች "ወጥ ሠሪዎቹ" ነበር የሚሉን። ከሠላሳ አራት ተማሪዎች ወንዶቹ እኔና ጉዲና የሚባል የቦሌ ቡልቡላ ልጅ ብቻ ነበርን።

የዚያኑ ቀን ቴሌ ሄጄ ደወልኩልዎ። ሱቁ በሰው ተሞልቶ ጫጫታው ይሰማኛል። "ምን ደረሰህ?" አሉኝ። አፌን ሳልከፍት ከጎንዎ አንድ ሰው "ኢንጂነሩ ነው?" ብሎ ሲጠይቅዎ ሰማሁ። "አዎ" አልኩ። ለእርስዎ ይሁን ለሰውዬው የመለስኩት እስከ ዛሬ አላውቀውም። ለገባው ለወጣው ሁሉ ከረሜላ ሲያድሉ መዋልዎን በኋላ ሰማሁ።

ጉዲና በዚያው ሳምንት ለአባቱ እቅጩን ነግሯቸው ነበር። ገበሬ ነበሩ። ስቀው ስቀው ሲያበቁ "ታዲያ ያለ ቤት ምን የሚቆም ነገር አለ?" አሉት። እኔ ግን እርስዎ እንዲህ ሊሉኝ ይችላሉ ብዬ አስቤ አላውቅም። ከሚያሳፍረኝ ሁሉ አንዱ ይህ ነው፤ መሳቁን እንኳ ነፈግኩዎት።

ከዚያ ውሸት ውሸትን ይወልድ ጀመር። ስመረቅ "ዘንድሮ ቤተሰብ አይገባም ተብሏል" አልኩዎት። ለዚያ ቀን ብለው አዲስ ኮት አሰፍተው እንደነበር የነገረችኝ ራህማ ናት። የመጀመሪያ ሥራዬን ሳገኝ "ሆስፒታል ነው የምሠራው" ስልዎት፣ የሚገነባ ሆስፒታል መስሎዎት "ስንት ፎቅ ነው?" አሉኝ። "አራት" አልኩ። አራት ፎቅ መሆኑስ እውነት ነበር። እኔ ግን ምድር ቤት ካለው ወጥ ቤት ሆኜ በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት ወተትና ገንፎ ነበር የምመጥነው። ሱቁን ሊያስፋፉ ፕላን ሥራልኝ ሲሉኝ ደግሞ ሙያው ያለውን ጓደኛዬን ለምኜ አሠርቼ የእኔ ነው ብዬ አመጣሁልዎት። እርስዎ ወረቀቱን በመስታወት አስገብተው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። እዚያ በመጣሁ ቁጥር ጀርባዬን ሰጥቼው ነው የምቀመጠው።

አሁን የምሠራውንም ይስሙኝ። አያት በሚባለው ሰፈር ለትምህርት ቤቶች ምሳ የሚያዘጋጅ ትልቅ ማብሰያ ቤት አለ። ኃላፊው እኔ ነኝ። ዘጠና ሁለት ሴቶች አብረውኝ ይሠራሉ፤ በየቀኑ ስድስት ሺህ ልጅ እናበላለን። አንድ ሰሞን የአንደኛ ክፍል ልጆች ንፍሮውን እየመለሱ አስቸገሩን። ሴቶቹ ጨው በዛ፣ ጨው አነሰ ሲከራከሩ እኔ ትምህርት ቤቱ ሄጄ ልጆቹን እስቲ አፋችሁን ክፈቱ አልኳቸው። ግማሾቹ የፊት ጥርስ የላቸውም። የወተት ጥርሳቸው የሚወልቅበት ዕድሜ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእነሱን ለብቻው አድቅቀን መላክ ጀመርን፣ ሳህኑም ባዶውን ይመለስልን ጀመር። ያን ቀን ለእርስዎ ልደውል ስልኬን አንስቼ ነበር። ምን ብዬ ልንገርዎ? ኢንጂነር ጥርስ አይቆጥርም።

እንግዲህ እርስዎ እዚህ ሳሉ ወደነበረው ቅዳሜ ልምጣ።

ዓርብ ዕለት የግራ ዓይንዎ ሞራ ተገፎ በፋሻ ተሸፍኖ ነበር። ቀኙም ገና በሞራው እንደተጋረደ ነው። በማግሥቱ ቅዳሜ ከአጠገብዎ መራቅ አልነበረብኝም። እኔ ግን "ሳይት ላይ ኮንክሪት ስለሚሞላ የግድ መገኘት አለብኝ" ብዬ ለጎረቤታችን ለእትዬ ውባንቺ አደራ ሰጥቼዎት ወጣሁ። የሄድኩት ቦሌ ነው፤ አንድ ሆቴል። የትምህርት ክፍላችን ምሩቃን ማኅበር በሥራቸው አንቱ የተባሉ አምስት ምሩቃን መርጦ ሊሸልም አዳራሽ ተከራይቶ ነበር፣ ከአምስቱ አንዱ እኔ ነበርኩ።

ዝግጅቱን የምትመራው ትርሓስ የምትባል የክፍል ጓደኛችን ናት። የሕፃናት ልብስ ቀለም ቆዳቸውን እንዳይጎዳ ደንብ እንዲወጣ ዓመታት የታገለች ሴት ናት። ከወር በፊት የሚሞላ ቅጽ ልካልኝ ነበር። "በበዓሉ የሚገኙ ወላጆች" ከሚለው ፊት ለፊት "የሉም" ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ምንም አልጨመርኩም።

መጀመሪያ የተጠራው ጉዲና ነው። ቡልቡላ ውስጥ ጧሪ ላጡ አረጋውያን ቤት ከፍቶ ሠላሳ አንድ ሰው ይጦራል። እናቱን ደግፎ መድረክ ላይ አወጣቸው። ሽልማቱን ከእጁ ተቀብለው እንደ ሕፃን ታቀፉት፣ ፕሮግራሙ እስኪያልቅም ለማንም አልሰጡም።

ቀጥሎ ስሜ ከነእርስዎ ስም፣ ከነአያቴ ስም ተጠራ። መድረክ መሪው ከወረቀት እያነበበ "ወላጆቹን በለጋ ዕድሜው አጥቶ፣ ያለ አባት አድጎ ለዚህ የበቃ" አለ። "የሉም" ያልኩትን እንደዚያ ነው የተረዱት። ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሣ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት ሴት በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ። እናቴ እንጂ አባቴ አልሞቱም ማለት ስንት ቃል ነው? ማይኩ እጄ ላይ ነበር። አመሰግናለሁ ብዬ ወረድኩ።

እርስዎን በቁምዎ ቀብሬ ተጨበጨበልኝ።

ቤት ስገባ ሶፋው ላይ ፊትዎን ወደ ግድግዳው መልሰው ጋደም ብለው ነበር። "ኮንክሪቱ ተሞላ?" አሉኝ። "ተሞላ" አልኩዎት። "አላህ ያጽናው" አሉ። ማክሰኞ ዕለት ሐኪሙ ፋሻውን እንዳነሣልዎ ሱቁን ራህማ ብቻዋን አትችለውም ብለው ሄዱ። እኔ ናፍቆት መስሎኝ ነበር።

በሳምንቱ እትዬ ውባንቺ ደረጃው ላይ አስቁመውኝ "ሙዘሚል፣ አባትህ ተቀይመውኝ ነው እንዴ የሄዱት?" ብለው ጠየቁኝ። ለምን ብላቸው ሁሉን ነገሩኝ። በዓሉ በማኅበሩ የኢንተርኔት ገጽ በቀጥታ ይተላለፍ ኖሯል፤ እሳቸውም በስልካቸው ከፍተውት ነበር። ስሜ ሲጠራ እሳቸው ደስ ብሏቸው "ይኸው ልጅዎ" ሲሉዎት፣ እርስዎ "ድምፁን ጨምሪልኝ እስቲ" አሉ። ጨመሩልዎት። ከዚያ ስለ አባት የተባለው ተባለ። እትዬ ውባንቺ የሚገቡበት ጠፍቷቸው "ተሳስተው ይሆናል" ቢሉዎት "አልተሳሳቱም፣ የስም ሞክሼ ነው። የእኔ ልጅ ኢንጂነር ነው፣ ዛሬ ሳይት ላይ ነው ያለው" አሏቸው። "ኧረ የኔዋ ልጅ እኮ እሱ ዘንድ ነው ምሳ የምትሠራው" ሲሉዎትም "ሞክሼ ነው አልኩሽ፤ ዝጊው" ብለው ዞረው ተኙ።

ከእነ አባትና ከእነ አያት ስም ሞክሼ። አባባ፣ እርስዎ በሰባ አራት ዓመትዎ ዋሽተው የማያውቁ ሰው ነዎት። ያን ቀን ለእኔ ብለው ዋሹ።

በማግሥቱ ትርሓስ ቢሮ ሄድኩ። ሳልቀመጥ ነገርኳት። ሰማችኝና "አባትህን ብቻ መሰለህ የካድከው?" አለችኝ። "ወጥ ሠሪዎቹ ሲሉን አብረን ነው የተሰደብነው። እኛ ስድቡን ረሳነው፤ አንተ ግን አምነህበት ኖርክ።" ማኅበሩ በቴሌግራም ገጹ ማረሚያ አወጣ። "በሽልማት በዓላችን ላይ በተነበበው የሕይወት ታሪክ ስህተት ተፈጽሟል። የተሸላሚው አባት በሕይወት አሉ" ይላል። ስህተቱ የራሱ የተሸላሚው ነው የሚል ይጨመርበት ብዬ ለመንኳት። እምቢ አለች። "ይህን ለእሳቸው አንተው ንገራቸው፤ በእኛ አትላክ" አለችኝ።

ለዚህ ነው የምጽፈው። የምጽፈው ግን ይቅር እንዲሉኝ ብቻ አይደለም። ለቀኝ ዓይንዎ ሐኪሙ የሰጠን ቀጠሮ ለፊታችን ወር ስምንት ነው። ራህማን ብጠይቃት "አንድ ዓይን ይበቃኛል፣ አዲስ አበባ አልመለስም" አሉ አለችኝ። የእኔ ጥፋት የእርስዎን ብርሃን ሊወስድ አይገባም።

ራህማ ሌላም ነገር ነገረችኝ። ነገርሽው ብለው አባባ ይቆጡኛል ብላ ፈርታለች፣ እባክዎ አይቆጧት። የከሳ ልጅ ያዘለች እናት ዱቄት ልትገዛ ስትመጣ እርስዎ ዝም ብለው አይመዝኑላትም አሉ። "ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ባቄላ ወይ ሽምብራ፣ ሲበስል ጠብ የምታደርጊው ዘይት" ብለው ያስጠኗታል። ዓይንዎ ሳይደክም በፊት ከሚዛኑ ሥር አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አውጥተው ነበር የሚያነቡላቸው፣ አሁን ግን በቃልዎ ይዘውታል። ከየት አመጡት ሲሉዎት "አንድ የተማረ ልጅ የጻፈው ነው" ይላሉ። ስንት ጊዜ ሆነው ብዬ ጠየቅኋት። ስምንት ዓመት አለችኝ።

ያችን መጽሐፍ አውቃታለሁ፤ የጻፍኳት እኔ ነኝ። ጤና ጣቢያዎች ነበሩ የሚያድሏት። በጀርባዋ የጸሐፊው ስም ከነአባቱ፣ የተማረውም ትምህርት ተጽፏል። ራህማን ከዚያ በላይ አልጠየቅኋትም።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ለግራ ዓይንዎ ሆስፒታል የሄድን ዕለት ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ የአስታማሚ ሥራ ብላ ስትጠይቀኝ ክርኔን ይዘው አጠገቤ ቆመው ነበር። "ኢንጂነር" ብዬ አስጻፍኩ። ያኔ እጅዎን ከክርኔ ላይ አነሡ። መቆሙ ደክሞዎት መስሎኝ ወንበር ፈልጌ አመጣሁልዎት።

ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ልወስድዎ እመጣለሁ። ቀጥታ ሱቁ ነው የምገባው፤ ሰው በሞላበት የተናገርኩትን ሰው በሞላበት አርመዋለሁ። ለእኔ ብለው አይምጡ፣ ለዓይንዎ ይምጡ። እኔ ቤት ማረፍ ከከበደዎት የጉዲና እናት "እኔ ዘንድ ይረፉ፣ ክፍል አለኝ" ብለዋል። ካርድ ክፍል ስንደርስ ልጅቱ ስትጠይቀኝ እርስዎ እየሰሙኝ እመልስላታለሁ። ክርኔን ቢይዙም ባይይዙም።

አላህ ብርሃንዎን ይመልስልዎ። ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ይህን ዱዓ ለማድረግ አፌ እያፈረ ነው። እናቴን አላህ ይዘንላት፣ ጎረቤቱንም ሁሉ ሰላም በሉልኝ።

ራህማ፣ ያለው ይህ ነው። አባባ ዝም ካሉ አንቺም ዝም በይ፤ ምን አሉ ብዬ አልደውልልሽም። ወረቀቱን ስጪያቸው፣ እሳቸው ያስቀምጡት።

ልጅዎ