በጠራራ ፀሐይ ጨረቃ የሚያወጣው ሰዓት

አስካልዬ፣ የቤቴ እመቤት፣

ከተለየሽኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ፊደሌ የመሠረተ ትምህርት ፊደል መሆኑን ታውቂያለሽ። ልጃችን ትዕግስት ልጻፍልዎት ብትለኝ እንቢ አልኩ፤ ለሚስቴ ሌላ ሰው አይጽፍልኝም። ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ያለው ቤትሽ ደህና ነው። የሚያፈሰውን ቆርቆሮ አስቀይሬዋለሁ። አቮካዶው ዘንድሮም እየወደቀ ጣራውን ይደበድባል፣ አልቆርጠውም፤ አንቺ የተከልሽው ነው።

አሁን ያስደነገጠኝን ልንገርሽ። ልጃችንን ኤፍሬም የሚባል ልጅ ሊያገባት ፈለገ፤ ቡና ላኪ ዘንድ ቀማሽ ነው። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ለእኔ የእጅ ሰዓት ላከ። አንድ ቡና ገዢ ፈረንጅ የሸለመው ነው፣ ያለው ሀብትም እሱ ብቻ። ዋጋውን ትዕግስት ነግራኛለች፤ አልጽፍልሽም፣ እዚያም ሆነሽ ትደነግጫለሽ።

አስካለ፣ ፊት የለውም! ፊቱ መሆን ባለበት ቦታ ሆድ ዕቃው ተዘርግፏል፤ ጥርሱ፣ ሽቦው፣ ብሎኑ፣ ሁሉም እየተንቀሳቀሰ ይታያል። ክብም አይደለም፣ እንደ ኤሊ ጀርባ ያበጠ ነው። ጠቋሚ የለውም፤ ሰዓቱ በአንዲት መስኮት ቁጥር ሆኖ ብቅ ይልና ሲሞላ ቀጭ ብሎ ይቀየራል። ከታች ባለችው መስኮት ደግሞ ቀን ፀሐይ፣ ማታ ጨረቃ ትወጣለች። ሠሪው አብዷል አልኩ። ግን ሳላየው መዋል አቃተኝ።

አንድ ነገር አላስቻለኝም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ዘጠኝ ይላል። በገዛ ቤቴ በፈረንጅ ሰዓት አልኖርም ብዬ፣ ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ መሙያዋን አዞርኩና በእኛው ሞላሁት፤ ሳጥን ውስጥም አሳደርኩት።

ግንቦት ላይ ነው፤ በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አሰርኩት። እሺ ልላቸው አፌን ስከፍት እጄን ባይ፣ ጨረቃ! ከቀኑ አምስት ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ! ዕድሜዬን አጋሮ ቡና ሳደርቅ፣ ፀሐይ ስትበረታ ስሸፍን፣ ስትበርድ ስገልጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በፀሐይ አይቀለድብኝም። ምልኪ ነው፣ ይህ ልጅ በቀን ሊያጨልምብኝ ነው፣ ልጄን አልሰጥም ብዬ ተነሳሁ። ሽማግሌዎቹ ከዘራቸውን እንደያዙ እርስ በርስ ተያዩ።

ትዕግስት ከጓዳ ወጣች። «አባባ፣ ያጨለሙት እርስዎ ነዎት» አለችኝ እያለቀሰች። ለካ ፀሐይዋ ከፈረንጁ ቁጥር ጋር የተሳሰረች ናት፤ ቁጥሩን ወደ እኛ ስመልሰው እሷ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርታለች። እንደነበረው ያድርጉት ብትለኝ እንቢ አልኩ። ታውቂኛለሽ። ሰዓቱ የእኔን ቀን ይልመድ እንጂ እኔ የእሱን አልለምድም። ልጅቷ ከእኔ ጋር መብላት ተወች። ቤቱ አንቺ የሞትሽ ሰሞን እንደነበረው ጭር አለ።

በሳምንቱ ኤፍሬም ራሱ መጣ፣ ያለ ሽማግሌ! ደፋር ብዬ ከዘራዬን ፈለግሁ። እሱ እጅ ነስቶ ይከተሉኝ አለና ሂርማታ ገበያ፣ ከማል ሰዓት ሠሪው ዘንድ ወሰደኝ። ክፈተውና ፀሐይዋን ወደ ጋሼ ቀን አዙራት አለው። ከማል አገላብጦ አየውና «ወላሂ አልነካውም! ቢበላሽ አዲስ አበባም የሚያድነው የለ። አቦ፣ ወደ ቤታችሁ!» አለ።

«ይበላሽ» አለ ልጁ። «የጋሼ ፀሐይ በሰዓቷ ትውጣ።»

አስካልዬ፣ የሰዓቱን የተዘረገፈ ሆድ ዕቃ ሳይ ከደነገጥኩት በላይ ያኔ ደነገጥኩ። ከማል እየተነጫነጨ ከፈተው፤ ያለውን አንድ ንብረት ፊቱ ሲፈታታበት ልጁ ቆሞ ያያል። ዐይኔን የጨፈንኩት እኔ ነኝ። ስገልጥ መስታወቱ ተጭሯል፣ ፀሐይዋ ግን ወጥታለች፣ በእኛው በአራት ሰዓት።

ተሸነፍክ እንዳትዪኝ፤ ሰዓቱ የሚሄደው በእኔ ቀን ነው። ግን ሽማግሌዎቹን ራሴ አስጠርቼ ልጄን ሰጥቻለሁ አልኳቸው። የእኔን ግትርነት የቻለ ሰው ያንቺን ልጅ አያቅተውም።

ሠርጉ ከመስቀል በኋላ ነው። ሙሽሮቹ ጉልበት ሲስሙ ጎኔ ባዶ እንዳይሆን አክስቷ ትቀመጥ አሉኝ። እንቢ አልኩ። ቀኙ ጉልበቴ የእኔ፣ ግራው ያንቺ ነው፤ ሁለቱንም ይስማሉ። እኔም ሁለት ጊዜ እመርቃለሁ፣ አንዴ በራሴ ቃል፣ አንዴ በአንቺ። ያንቺን ምርቃት አንዲት ቃል አልረሳሁም፤ አንቺ ዘንድ እስክመጣም አልረሳትም።

ባልሽ