አምስተኛው ልዑክ

ጥር 12፣ ጠዋት
ትናንት ቅ/ማርያምን ከጥምቀተ ባሕር አስገባናት። ያጀባት ሽማግሌና አሮጊት ብቻ። ወጣቱ ጎንደር ነው፤ ጭፈራውም እዚያው። እግሬ አብጧል።

ከሰዓት
ከወረዳ ቤ/ክህነት ሰው መጣ። ቅዳሴ ታጉሎ ከረመ አለ። እውነት ነው፤ ማስታወሻዬ፣ ላንተ አልዋሽም። ቅዳሴ አምስት ልዑካን ይፈልጋል፤ ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን። ያለነው እኔና ቄስ አድማሱ፣ አንድ ዲያቆን። የቀሩትን ከተማ በላቸው። የፊታችን 21፣ ለአስተርእዮ ካልተቀደሰ ታቦቷ ወርዳ በታችኛው አጥቢያ ደባል ትሆናለች። እኔ ቆሜ? እስቲ እናያለን!

ጥር 15፣ ጎንደር
በሚኒባስ ወረድኩ። መላኩን አገኘሁት። ከፊደል እስከ ድቁና ያደረስኩት ልጅ፣ ባጃጅ ይነዳል። ተሳፋሪ ፊት ሰደብኩት፤ ከሃዲ አልኩት። ሰዉን ካወረደ በኋላ ነገረኝ፦ በማዘጋጃ ቤት ተጋብቷል፣ ድቁናው ፈርሷል። አፈርኩ። እሱ ደግሞ፣ «የኔታ፣ ምነው እርስዎስ ብቻዎን ቀሩ? ይምጡ፣ ሸጋ ቤት እፈልግልዎታለሁ» አይለኝም! እንደገና ነደደኝ።

ጥር 16
መላኩ ሥራ ፈትቶ በባጃጁ ሲያዞረኝ ዋለ። አንድ ደብር ገባን። ጉድ እኮ ነው! ዲያቆናቱ ዛፍ ሥር ተኮልኩለው ተራ ይጠብቃሉ። እዚህ ቀዳሽ በወረፋ፣ እዚያ ታቦት ያለ ቀዳሽ። የኛው አገር ልጅ ደሳለኝ እሺ አለ። አንድ ይጎድላል። ሌሎቹ ገጠር ስል መሬት መሬት ያያሉ። በመጨረሻ ዮናስ የሚሉት፣ ጎንደር ተወልዶ ያደገ ዲያቆን ተነሣ። ዳገት ታውቃለህ? አላውቅም አለ። አለቃው ፈቀዱለት።

ጥር 20፣ አመሻሽ
ደረሱ። ዮናስ ዳገቱ ላይ ሊሞት ነበር። ሴቶቹ እልል ሲሉ እሱ ትንፋሽ አጥቶ ድንጋይ ላይ ተዘረፈጠ። ቄስ አድማሱ ሳቀ። እኔ ፈራሁ፤ ታሞ ቢያድርስ?

ጥር 21፣ ከቅዳሴ በኋላ
ተቀደሰ! አምስት ሆነን! ያ ትንፋሽ ያጣው ልጅ ድምፁ ቅጥሩን ሞላው። አለቀስኩ፤ ይታወቅልኝ።

የወረዳው ሰውም አስቀደሰ። ሲወጣ፣ የዛሬው ደግ ነው፣ የየወሩ ማርያምስ ብሎ ጠየቀኝ። ልጆቹ ነገ ይመለሳሉ። ቅሩ አልላቸውም፤ መሬት የላቸው፣ ምን ሊበሉ? ከተማ ይኑሩ። ሊቀድሱ ግን ይመጣሉ። እምቢ ያለኝን ዛፉ ሥር ድረስ ሄጄ እሰድበዋለሁ። ለየካቲት ማርያም ጎንደር ነኝ፤ ለመጋቢትም። እግሬ ያብጥ። ታቦቷ አትወርድም፤ እኔ እወርዳለሁ።