የተዘጋ ጉሮሯቸው ተከፍቶ የቆረቡት የአቶ ወንዳፍራሽ አለኸኝ የሕይወት ታሪክ

አቶ ወንዳፍራሽ አለኸኝ ከአባታቸው ከአቶ አለኸኝ በኃይሉና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩሰው ካሣሁን በ1951 ዓ.ም. ወረኢሉ ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል እዚያው ተምረው፣ አዲስ አበባ ገብተው ጋራዥ ውስጥ ሥራ ለመዱ። በ1984 ዓ.ም. ናይሮቢ መጥተው ኢምባካሲ የአየር ጭነት መጋዘን ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስኪወጡ ፎርክሊፍት ነዱ። በ1986 ዓ.ም. ወይዘሮ ሙሉዓለምን በቁርባን አግብተው ፊሊጶስንና አቢግያን ወለዱ።

ቀጥሎ ያለውን አታንሺው ያሉኝ ዘመዶች አሉ። ታናሽ እህታቸው ነኝና አነሣዋለሁ።

በ2007 ዓ.ም. ገደማ መቁረብ ተዉ። ቅዳሴ አይቀሩም፤ ሰው ሊቆርብ ሲሰለፍ ግን ወደ ኋላ ይላሉ። ማታ ሳሎን ሶፋ ላይ ተቀምጠው ማደር ጀመሩ። በቁርባን ያገባ ሰው እንዲህ ሲያደርግ ወሬው የታወቀ ነው፤ ሌላ ሴት ይዞ ነው ተባለ። ወይዘሮ ሙሉዓለምም አመኑ።

እውነቱ ሌላ ነበር። የዋጡት ምግብ ደረታቸው ላይ ቆሞ ይመለሳል፤ ውኃም ይመለሳል፤ ጋደም ሲሉ ደግሞ ይብሳል። ሥጋ ወደሙን ተቀብዬ ቢመለስብኝስ ብለው ፈሩ። ካንሰር ነው ብለው ስለጠረጠሩም ሚስታቸውን ላለማስደንገጥ ደበቁ።

አቢግያ ስትዳር ወይዘሮ ሙሉዓለም በሰው ፊት አጎረሷቸው። ያን ጉርሻ እምቢ ማለት አይቻልም። ጎረሱና ከአዳራሹ ወጡ። ለማን ሊደውል ነው ብለው ወይዘሮ ሙሉዓለም ቢከተሏቸው፣ ግድግዳ ተደግፈው ሲያስመልሱ አገኟቸው። «አንተ ሰውዬ፣ ይኼን ደብቀህ ነው እኔን ያቃጠልከኝ?» አሏቸው። ሁለቱም እዚያው አለቀሱ።

ሰኞ ይዘዋቸው ፓርክላንድስ ሐኪም ቤት ሄዱ። ካንሰር አልነበረም። ጉሮሮ ከጨጓራ የሚገናኝበት ላይ ያለው ጡንቻ አልከፈት ብሎ ነው። በ2014 ዓ.ም. አደንዝዘው አስተኟቸውና ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፋቸው አስገብተው ያንን ጡንቻ ከውስጥ ቆረጡላቸው። ሆዳቸው አልተቀደደም። እኔ የተማርኩ አይደለሁም፤ ግን እግዚአብሔር ለሰው እጅ የሰጠውን ጥበብ ሳስብ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። የሥራ ባልደረባቸው አቡዘር ሊጠይቅ መጥቶ ቁስሉን አሳየኝ ብሎ ሸሚዛቸውን አስገለጠ። ምንም የለም። «በየት ገቡ ታዲያ?» ቢላቸው፣ «እንጀራ በሚገባበት» አሉት።

በሕክምናው ማግስት ኤክስሬይ ካነሷቸው በኋላ ውኃ ሰጧቸው። አልጋው ዙሪያ ቆመን አፍ አፋቸውን እናያለን። ጠጡ። ጠበቅን። አልተመለሰም። ሲስተሯ ለምን እንደተንበረከክን አልገባትም።

ካገገሙ በኋላ በልደታ ዕለት ከወይዘሮ ሙሉዓለም ጋር ቆረቡ። ሲያሙ የነበሩት መንገድ ለቀቁላቸው። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ከቁርባን ርቀው አያውቁም።

ባለፈው ዓመት ልባቸው ታመመ። ሲታከሙ ቆይተው፣ ባለፈው እሑድ በልጆቻቸው ተደግፈው ቆርበው፣ ማክሰኞ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ዐረፉ። ወይዘሮ ሙሉዓለምን፣ ፊሊጶስንና አቢግያን፣ የልጅ ልጃቸውን ሐሊናንና እኔን እህታቸውን ትተው ሄደዋል።

በፍርሃት ከማዕዱ የራቁትን በምሕረቱ የመለሳቸው አምላክ፣ ነፍሳቸውን ማንም ወደ ኋላ በማይልበት ማዕድ ያስቀምጥልን። አሜን።